ተኝቶ መታከም ወይስ እየተመላለሱ መታከም? የሱስ ሕክምና ምርጫ

ሱስ የአንጎልን አሠራር የሚያውክ ሕመም እንጂ የጠባይ ጉድለት ስላልሆነ፣ ጥያቄው የትኛው ሕክምና ለየትኛው ታካሚ ይስማማል የሚለው ነው።

ወጪ፦ ተኝቶ መታከም አልጋንና የሌሊት ክትትልን ስለሚጨምር ይወደዳል፤ ተመላላሽ ሕክምና ይረክሳል፣ ከሥራም አያስቀርም።

አደጋ፦ ልዩነቱ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት አልኮል አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 48 ሰዓታት የሚጥል ሕመም የሚመስል መንዘፍዘፍ፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓታት ደግሞ ለሞት የሚያደርስ ከባድ መቃዠት ሊገጥመው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ዘግቶ «ቻለው» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ጭካኔ ነው። በአንጻሩ እንደ ሄሮይን ባሉ ኦፒዮይድ በሚባሉ አደንዛዥ ዕፆች ሱስ የተያዘ ሰው ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን በተባለ የሱስ ማከሚያ መድኃኒት እየተመላለሰ በሚገባ ሊታከም ይችላል፤ ያለ መድኃኒት ተኝቶ የወጣ ግን ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መቋቋም ስለሚያቅተው፣ ወደዚያው ቢመለስ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ተስማሚነት፦ ከዚህ በፊት ሲያቆም ክፉኛ የታመመ፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ወይም መጠጥ ከማይጠፋበት ቤት የሚኖር ሰው ተኝቶ ቢታከም ይመረጣል። ሱሱ ያልጠናበት፣ ቀጠሮ የሚያከብርና ደጋፊ ቤተሰብ ያለው ተመላላሹ ይበቃዋል። ተኝቶ የታከመም ቢሆን ከወጣ በኋላ ለወራት መመላለሱ አይቀርለትም።