ሞተር ማጠቢያዋ ስፕሬይ ጥሩ ናት፣ ፌስታሉን ግን እንዳትረሱ

ጅማ መኪና የሚነዳ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ቀይ ጭቃ፣ በጋ ላይ ደግሞ ያው ጭቃ አቧራ ሆኖ ኮፈን ስር ይገባል። እዚያ ውስጥ ትንሽ የፈሰሰ ዘይት ካገኘማ አለቀ፣ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። የኔ ቪትዝ ከዓመት በላይ ሞተሯ ሳይታጠብ ቆይቶ የቱ ብረት የቱ ቅባት እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ላቫጆ ነው፣ ስሙ ይቅር። ልጁ "ጋሼ፣ ሞተሩም ይታጠብ?" ሲለኝ እሺ አልኩ፣ ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ገና ከመንገድ የገባ፣ እጅ የማያስነካ ሞተር ላይ በዚያ በሚገርፈው ፓምፕ ውሃውን ለቀቀበት። አካባቢው በእንፋሎት ተሞላ። አብረቅርቆ ወጣ፣ አመስግኜ ከፈልኩ። ፈረንጅ አራዳ ሳልደርስ ሞተሩ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ የቼክ ኢንጂኑ መብራትም ቦግ አለ። ኤሌትሪሻኑ ለካንዴላ እሳት የሚልኩትን ኮይሎች ነቅሎ የካንዴላውን ጉድጓድ ሲያየው ውሃ ቋጥሯል። "ይሄን ደግሞ ማን አጠጣው?" አለና በኮምፕሬሰር ነፍቶ አደረቀልኝ። እዚያ ውሃ ሲገባ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው እሳት ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በውሃው በኩል ያመልጣል፣ ያ ሲሊንደር ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው መርካቶ ካሉት የስፔር ፓርት ሱቆች አንዱ ገብቼ ይቺን ስፕሬይ የገዛሁት። የግማሽ ሊትር ቆርቆሮ ናት፣ ዋጋዋ ሁለት ጊዜ ላቫጆ ከመግባት ብዙም አይርቅም። ሻጩ "ትነፋዋለህ፣ ታጥበዋለህ፣ አለቀ" ነበር ያለኝ። አላለቀም።

እሁድ ጠዋት፣ መኪናዋ ካደረችበት ሳትነሳ ጀመርኩ። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፣ ይሄ ድርድር የለውም፤ ቆርቆሮዋ ላይ የነበልባል ምልክት አለ፣ የጋለ ማርሚታ (ጭስ ማውጫ) ላይ የሚነፋ ነገር አይደለም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ (ሬዲዮው ጣቢያዎቹን በሙሉ ረሳ፣ ይሁን)። ከዚያ ፌስታል። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ ኮይሎቹንና አየር የሚስብበትን አፍ አንድ በአንድ ጠቅልዬ በፕላስተር አሰርኩ። ይሄ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይቶኝ "ምን፣ ምሳ ልትቋጥርላት ነው?" አለኝ።

ወደ ስፕሬይዋ ልምጣ። ዘይት ላይ ጎበዝ ናት። የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጠርዝ ላይ ጠቁሮ የደረቀው ቅባት 5 ደቂቃ ሳይሞላ ለስልሶ እንደ ቡና አተላ ይንጠባጠብ ጀመር። ግን ነፍታችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ የምትቆሙበት ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በአሮጌ ፔኔሎና በጥርስ ብሩሽ ካልፈተጋችሁት ጥጋጥጉ ውስጥ ያለው ንቅንቅ አይልም። እንዲደርቅም አትተዉት። እኔ ዲናሞው አጠገብ አንድ ቦታ ረስቼ አልሙኒየሙ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎብኛል፣ እስካሁን አለቀቀም። ቺንጋው (ቀበቶው) ላይም አትንፉ፣ ሲያንሸራትት ይጮኻል። ሽታዋ ራስ ያዞራል፣ ጓንት ስላላደረግኩ እጄ ሁለት ቀን ተሰነጣጥቆ ከረመ። ለጭቃና ለአቧራ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ማሸት ይበቃል። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እሰጣታለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለእጄ ነው።

ያጠብኩት በጎማ፣ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውሃ ነው፤ ኮይሎቹ አካባቢ ውሃ አላስጠጋሁም፣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ከስር ሰጋቱራ አንጥፌ ነበር፣ ቅባቱን ይመጥልኛል። የኛ ሰፈር ቦይ ቀጥ ብሎ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው፣ ያንን ጥቁር ነገር ወደዚያ መልቀቅ ከበደኝ። ፌስታሎቹን ፈትቼ ኮፈኑን እንደከፈትኩ ሁለት ሰዓት ፀሐይ አስመታሁት። ባትሪውን አስሬ ቁልፍ ስሰጣት በአንዴ ተነሳች፣ ሚኒሞዋ ዝንፍ አላለም። ውስጥ የቀረው እርጥበት እንዲወጣ ሌላ 15 ደቂቃ ሳላጠፋ ተውኳት።

ከሦስት ቀን በኋላ ኮፈኑን ስከፍት ንጹሑ ብረት ላይ ቀጭን፣ አዲስ የዘይት መስመር ወርዷል። ከላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ክዳኑ ስር ካለው ማሸጊያ) ነው። ለካ ዓመት ሙሉ ዘይት ስጨምር የኖርኩት በዚያ በኩል እየወጣ ነው፣ ቆሻሻው ሸፍኖት አላየሁትም። ቆርቆሮዋ ውስጥ ግማሹ አለ፣ ጓርኒሲዮኑን ካስቀየርኩ በኋላ እጨርሳታለሁ። በጓንት።