ፍራሽ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ በጎናችሁ የምትተኙ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ከበረደልኝ እንደ ሌላው ጊዜ «ለእግዜር ሰጠሁት» ብዬ እተወዋለሁ።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐኪሜ በጀርባሽ አትተኚ፣ በጎንሽ ተኚ ካለችኝ ቆየች። የድሮው የጥጥ ፍራሻችን ደግሞ መሃሉ ጎድጉዷል። ጠዋት ስነሳ ትከሻዬ ደንዝዞ፣ ዳሌዬ ታሞ ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ክብደቱ ትከሻና ዳሌው ላይ ነው የሚያርፈው። ፍራሹ እነሱን ሰመጥ ማድረግ፣ ወገብን ደግሞ ከስር መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ ጠይቄ፣ አንብቤ ነው የሄድኩት። ሳላውቅ ብታለል ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። የመስታወት በር፣ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ፣ በር ላይ የሚቀበል ሽቅርቅር ልጅ። «ግቢ እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለኝ። በማርያም ስም ነው የተቀበለኝ።

አንዱ ፍራሽ ላይ አስተኛኝ። እውነቱን ልናገር፣ ይመቻል። ትከሻዬ ሰመጥ አለ፣ ወገቤም አልተንጠለጠለም። «ኦርቶፔዲክ ነው፣ ሜሞሪ ፎም፣ ዴንሲቲው 35» አለኝ። ለወገብ የሚስማማ፣ የሰውነትን ቅርፅ የሚይዝ ስፖንጅ ነው ማለቱ ነው። ሕፃን አጠገቤ ሊተኛበት ነው፣ ኬሚካል የሚሸት ነገር አልፈልግም አልኩት። ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ምልክት በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «ኦርጋኒክ ነው። ለገዛ እህቴ የምሰጠውን ነው የምሰጥሽ።»

ዋጋው 38 ሺህ ብር። ደረሰኝ ከፈለግሽ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል አለኝ። 5,700 ብር ማለት ነው። በዚያ የሕፃን ልብስ እገዛበታለሁ ብዬ አሰብኩና ያለ ደረሰኝ ይሁን አልኩ። ብሩንም በሞባይል ባንኪንግ ላክሁ። ሂሳቡ የሱቁ እንኳ አልነበረም፣ የግለሰብ ስም ነው የመጣልኝ። አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። እስካሁን ውስጤን የሚበላኝ ይህ ነው።

«ይሄኛው ለዕይታ ነው፣ አዲሱ ከመጋዘን ይመጣልሻል» አለኝ። ማታ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ሁለት ጎረምሶች እያቃሰቱ አራተኛ ፎቅ አወጡት። «ይከብዳል፣ ምርጥ ዕቃ ነው» አሉን። እኛም ደስ አለን። ባለቤቴ ያሰላው በኋላ ነው። ዴንሲቲ 35 ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ 35 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። የኛ 150 በ190፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲም ነው። ስፖንጁ ቢበዛ 25 ኪሎ ነው መሆን የነበረበት። ያ ሁለት ጎረምሳ አያስቃስትም።

ከዚያ ሽታው መጣ። አዲስ ስፖንጅ ትንሽ እንደሚሸት አውቃለሁ፤ መስኮት ከፍቶ ጥቂት ቀን ማናፈስ ነው። ይሄ ግን ማስቲሽ ነው። ጫማ የሚሰፋበት ቤት የተኛን እስኪመስለኝ ድረስ። ሌሊቱን መስኮት ከፍተን አደርን፣ ራሴን ፈለጠኝ። ትከሻዬም ላዩን አልፎ ስር ካለው ደረቅ ነገር ጋር ይጋጫል። በአምስተኛው ቀን እናቴ «ምላጭ አምጡ» አለችና ጎኑን ተረተረችው።

ላዩ አራት ጣት የማይሞላ ነጭ ስፖንጅ ነው። ከዚያ በታች ፍርፋሪ። ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የስፖንጅ ቁርጥራጭ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ። መሃሉ ላይ የአውራ ጣቴን የሚያህል ጥቁር ቆዳ አገኘሁ። የመኪና ወንበር ቆዳ፣ ስፌቱ እንኳ አልተፈታም። ማን ተቀምጦበት እንደኖረ፣ ምን ፈሶበት እንደነበር አንድዬ ይወቀው። ልጄን እዚያ ላይ ላስተኛ ነበር።

ዛሬ ያንን ቁርጥራጭ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ያው ልጅ ነው ያለው። አየኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አደረገው።

«ይሄ የኛ አይደለም።»

«እንዴት? አንተ አይደለህ የላክኸው?»

«ደረሰኝሽ የታለ?»

ዝም አልኩ። ዝም እንደምል ደግሞ ያውቅ ነበር። ያን ቀን «ቫት ይጨመራል» ሲለኝ ለካ ለዛሬው ጥያቄ እያመቻቸኝ ነው። ብር የላክሁበትን መልእክት አሳየሁት። «ይሄ ሰውዬ እዚህ አይሠራም» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ድምፄ ከፍ ሲል ሌላው ከጓሮ መጣ። «ሴትዮ፣ ራስሽ ቀደሽ መልሱልኝ ትያለሽ እንዴ? ሂጂ፣ ደንበኛ አታስበርግጊ።» ሆዴ ፊቱ ነው። አንድ ሰው ቁጭ በይ አላለኝም።

ደንበኛ ያላቸው አንዲት እናት ናቸው። ከልጃቸው ጋር፣ እኔ የተኛሁበት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው። «እናቴ፣ የሚመጣልዎ ይሄ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ቁርጥራጩን አሳየኋቸው። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፤ ወጡ። እሱ ትንሽ አስተነፈሰኝ።

እባካችሁ፣ ደረሰኝ ሳትይዙ ብር አትላኩ። ተኝታችሁ የሞከራችሁትን ራሱን ፍራሽ ውሰዱ። እሱ ካልሆነ ዚፕ ያለው ይሁን፣ አውራጆቹ ሳይሄዱ ከፍታችሁ እዩት። ኦርቶፔዲክ የሚለውን ጽሑፍ ማንም ያትመዋል። ዕቃው ለጎጂ ኬሚካል መመርመሩን የሚያሳየው ኦኮቴክስ የሚባለው ምልክት ቁጥር አለው፣ ቁጥሩንም ኢንተርኔት ላይ ማጣራት ይቻላል። የኔዋ አረንጓዴ ምልክት ቁጥር የላትም፣ ቅጠል ብቻ ናት።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ነገ ጠዋት የባንኩን ማስረጃ አሳትሜ፣ ፌስታሌን ይዤ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።