32 ራጂ፣ አሉሚኒየም ቸርኬ፦ ከመስከረም እስከ ክረምት የነዳሁበት የኮርሳ ጎማ

በእጅ የተሠራ ጎማ ለኮርሳ (ለአስፋልት ሩጫ ለሚሠራው ቀጭን ጎማ) ብስክሌቴ ያስገጠምኩት መስከረም ላይ ነው። አሁን ክረምቱ እየወጣ ነው። የበጋውን አቧራ፣ የበልጉን ዝናብ፣ የሐምሌን ጭቃ አብረን አሳልፈናል። ስለዚህ አሁን በድፍረት ልናገር። ለጤናውና ለደስታው ብሎ ለሚነዳ ሰው፣ በተለይ በእኛ መንገድ ላይ፣ ከዚህ የሚሻል ምርጫ አላውቅም።

ጎማ የምለው ላስቲኩን ብቻ ሳይሆን ቸርኬውን (ላስቲኩ የሚቀመጥበትን ክብ)፣ ራጂውን (ቀጫጭኖቹን የብረት ዘንጎች) እና ሞዞውን (ራጂው የሚነሳበትን መሀል) ጨምሬ ነው። ሞዞው ሺማኖ 105፣ አር7000 የሚባለው ነው። ቸርኬው ዲቲ ስዊስ አር 460፤ አሉሚኒየም ነው፣ ከፍታው 23 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 18። ራጂው ፊትም ኋላም 32 ነው። ጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ፣ መሀሉ ቀጠን ብሎ 1.8 ሚሊ የሆነ ዓይነት። ላስቲኩ 28 ሚሊ ነው። ዕቃው የገባው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ራጂውን ደርድሮ ያቃናው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ያለ የብስክሌት ሜካኒክ ነው። ዋጋውን በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሠራም።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ፣ ፊቱ 20 ኋላው 24 ራጂ ያለው ጎማ ነበር። ቀለል ያለና ቆንጆ ነው። ዱከም አካባቢ የኋላው አንድ ራጂ ተበጠሰ። ራጂው ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ የሚሸከመው ብዙ ነው። አንዱ ሲሄድ ቸርኬው ወዲያው ይወላገዳል። ፍሬኑን አላልቼም ቸርኬው ከብስክሌቱ አካል ጋር ይፋተግ ነበር። በሚኒባስ ተጭኜ ተመለስኩ። ከዚያ ደግሞ ራጂውን ፍለጋ ተጀመረ። ጠፍጣፋ፣ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ስለሆነ ከተማው ውስጥ አጣሁት። ብስክሌቱ ለሳምንታት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ለእኔ ጎማ የመምረጥ ጥያቄ ያን ጊዜ ተለወጠ። ስንት ግራም ይመዝናል የሚለውን ትቼ፣ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

የክብደቱን ነገር በቁጥር እንየው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነውና። የእኔ ጥንድ ወደ 1.9 ኪሎ ይጠጋል። ጥሩ የካርቦን ጥንድ ከዚህ 350 ግራም ያህል ሊቀል ይችላል። እኔ 82 ኪሎ ነኝ። ብስክሌቱና ውሃው ሲጨመር 92 እንበል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት በግማሽ ሰዓት ብወጣው፣ 350 ግራም የሚያተርፍልኝ ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው። ለተወዳዳሪ ሰባት ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሜዳሊያ ይወስናል። እኔ ግን እላይ ስደርስ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ የማጠፋው ከዚያ ይበልጣል።

ነፋስ ይቆርጣል የሚባለው ረጅም፣ ማለትም ከፍታው የበዛ ቸርኬስ? እውነት ነው፣ ይቆርጣል። ግን ነፋስን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ልክ ያድጋል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው፣ በ25 ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ጉልበት ለነፋስ ይከፍላል። ረጅሙ ቸርኬ ደመወዙን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ በ25 ለምንነዳው የሚተርፈን ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ትርፉ የበለጠ ይቀንሳል ማለት ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ከጎን የሚመታው ነፋስ ረጅም ቸርኬ ሲያገኝ ደግሞ መሪውን ይነጥቃል። በዚያ ቁልቁለት ይህን አልፈልግም።

ስለ ቁልቁለት ካነሳን፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በእንጦጦ መውረጃ ቸርኬው ክፉኛ ይሞቃል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ያሰራጫል። ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ረዘም ያለ የፍሬን ሙቀት ሲያገኘው ሊለሰልስና ሊሰነጠቅ ይችላል። ዋስትና የሌለው የካርቦን ጥንድ በቅናሽ ሲያሳዩአችሁ እባካችሁ ይህን አስቡ። ፊታችሁና ጥርሳችሁ ነው።

አሁን ወደ ወደድኩት ነገር። በእነዚህ ወራት ከሁሉ በላይ የተሰማኝ ለውጥ የላስቲኩ ስፋት ነው። ድሮ 23 ሚሊ ላስቲክ በ8 ባር የአየር ግፊት ነፍቼ ነበር የምነዳው። አሁን 28ቱን ፊት 4.5፣ ኋላ 5 ባር እነፋዋለሁ። ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ እጄ መደንዘዙን አቆመ። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ካላማዳሪው በቸርኬው ተቆንጥጦ መበሳቱም ቀረ ማለት ይቻላል። አዲሶቹ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ለስላሳ ናቸው፣ እዚያ ልዩነቱ አይገለጥም። ከእነሱ ወጥታችሁ ቃሊቲን ስታልፉ ግን ወዲያው ታውቁታላችሁ። የቸርኬው የውስጥ ስፋትም ያግዛል፤ ላስቲኩ ሰፋ ብሎ ስለሚቀመጥ መታጠፊያ ላይ አይወዛወዝም። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬናችሁና ፎርኬላችሁ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) 28 ማሳለፋቸውን ለኩ። የቆዩ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከ25 በላይ አያሳልፉም።

ሞዞው ኩሽኔታው የሚከፈት ነው፤ በውስጡ ያልታሰሩ፣ አንድ በአንድ የሚወጡ ኳሶች ናቸው ያሉት። አንዳንዱ ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ያየዋል። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። ከነሐሴ ዝናብ በኋላ ከፍቼ ጠረግኩት፣ አዲስ ግራሶ ቀባሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። የሚያስፈልገው ሁለት ቀጭን ቁልፍና ትዕግሥት ነው። በጣም ካጠበቃችሁት ኳሱ መቀመጫውን ይበላል፤ ካላላችሁት ጎማው ይወላወላል። ሌላም ጥሩ ነገር አለው፦ ለ11 ማርሽ የተሠራ ቢሆንም 1.85 ሚሊ ቀለበት ጨምራችሁ የ8፣ የ9 ወይም የ10 ማርሽ መግጠም ትችላላችሁ። ከአውሮፓ ያገለገለ ብስክሌት ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንከኑንም ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የኋላው ጎማ በግራ በኩል ራጂው ላላ። አዲስ ጎማ ሲረጋጋ የሚጠበቅ ነው፤ በግራ ያለው ራጂ በማርሹ በኩል ካለው በጣም ያነሰ ስለሚወጠር ቀድሞ ይላላል። ሜካኒኩ መልሶ አጠበቀው፣ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። አሠሪዎች ሆይ፣ ይህን ሁለተኛ ጉብኝት ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ተነጋገሩበት። ራጂ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ከሸክም ብዛት ሳይሆን ልል ሆኖ እየታጠፈና እየተዘረጋ ሲደክም ነው።

ሁለተኛው የቸርኬው መበላት ነው። በክረምት ጭቃና አሸዋ በፍሬን ጎማው (ቸርኬውን ይዞ በሚያቆመው ላስቲክ) ላይ ይሰካና አሉሚኒየሙን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ከዝናብ ጉዞ በኋላ የፍሬን ጎማዎቹን አውጥቼ የተሰካውን ብረትና ጠጠር በመርፌ እለቅማለሁ፤ ቸርኬውንም በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ፍሬኑ የሚይዝበት ገጽ ወደ ውስጥ መጎድጎድ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። የእኔ ቀጥ ያለ ብረት ሳስደግፍበት ትንሽ ክፍተት ማሳየት ጀምሯል። ገና ብዙ ይሄዳል። ሲያልቅ ሞዞው ይቀራል፣ ቸርኬው ብቻ ይለወጣል። ለዚህ ብዬ ከወዲሁ አንድ ተመሳሳይ ቸርኬ ለኋላው አዝዣለሁ፤ ጥቅምት ላይ ከሚመጣ ሰው ጋር ይደርሳል።

ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን ሞዞው ላይ ያለ ሳህን የሚይዝ) ያለው ብስክሌት ካላችሁ ይህ የቸርኬ መበላት አይመለከታችሁም፤ ሞዞውና አክሰሉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የእኔ ዓይነት ሞዞው የሚገባበት ስፋት ፊቱ 100፣ ኋላው 130 ሚሊ ነው። የዲስኩ ኋላ አብዛኛውን ጊዜ 142 ነው፣ አይገባም። የብስክሌታችሁን የኋላ ስፋት ሳትለኩ ለማንም ሻንጣ ትእዛዝ አትስጡ።