ከፎቶ ማንዳላ ለመሥራት ጂምፕ ያዋጣል?

በነጻ የሚወርደው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጂምፕ ከአንድ የስልክ ፎቶ ጥርት ያለ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማንዳላ (በመሃሉ ዙሪያ እኩል የሚደጋገም ክብ ሥዕል) ያወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ በሚነካው ፊልተር ሳይሆን በእጅ በሚቆረጥ ቁራሽ ነው።

ፊልተሩ "ዲስቶርትስ" ሥር የሚገኘው ካሌይዶስኮፕ ነው። ከ2 እስከ 24 መስታወት ይቀበላል፤ ሲከፈት 6 ላይ ይቆማል። ማዕከሉን ስታንቀሳቅሱ ምስሉ እዚያው ስለሚለዋወጥ ከፎቶው የትኛው ጥግ እንደሚያምር ለመፈለግ ይህን የሚያህል መሣሪያ የለም። ለመጨረሻው ሥራ ግን አይበቃም። ፎቶውን እየሳበና እያዞረ እንደ አዲስ ስለሚያሰላው ቀጫጭን መስመሮች ይደበዝዛሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው፦ ማንዳላ ከእምብርቱ ወደ ዳር ቀለበት በቀለበት የሚሰፋ ሥዕል ሲሆን ፊልተሩ ግን ከመሃል እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግርግር ይሞላበታል።

የፎቶ ምርጫ ግማሹን ሥራ ይወስናል። በመሃል አዲስ አበባ ደግሞ የሚመረጥ ሞልቷል። የዓድዋን ድል ለማሰብ የታነጸው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው፤ መስኮቱና ክፈፉ ለባለ ስምንት ማንዳላ የተሠራ ይመስላል። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባለቀለም መስታወት፣ በፒያሳ የተረፉ አሮጌ ቤቶች የእንጨት ሰገነት፣ የነጠላ ጥበብ፣ የመሶብ ስፌት ሁሉም ይሆናሉ። የሚያስፈልገው ብርሃንና ጥላው በደንብ የተለየ፣ ቁመቱን ሙሉ ዝርዝር ያለው ነገር ነው። ሰማይ የበዛበት ፎቶ ባዶ ቦታ ያበዛል፤ የሰው ፊት ደግሞ ተቆራርጦ ሲደጋገም ያስቀይማል። የቀትር ፀሐይ የጣለችው ጠንካራ ጥላ በመስታወት ሲገለበጥ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው የመጣ ስለሚመስል ደመና ያለበት ሰዓት ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ ቢፈቀድም ፍላሹን አጥፉ።

አሁን ወደ ቁራሹ። 3200 በ3200 ፒክሴል የሆነ ባዶ ገጽ ክፈቱ። ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ መሃሉ በትክክል 1600 ላይ ያርፋል፤ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ መሃሉ በፒክሴል ሆድ ላይ ይወድቅና እምብርቱ ይዛነፋል። ፎቶውን እንደ ሌየር (በላይ በላዩ እንደሚደረብ ግልጽ ወረቀት) አስገቡና የምትፈልጉት ክፍል ከመሃል ወደ ላይ እንዲቆም አድርጉ። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ የሚወጣውን ቅርጽ የያዘ ሦስት ማዕዘን በ"ፍሪ ሴሌክት" ምረጡ፤ ጫፎቹ 1600 በ1600፣ 1600 በ0 እና 2279 በ0 ላይ ይሁኑ። ነጥቦቹን በዓይን አትገምቱ፤ "ኢሜጅ" ውስጥ "ጋይድስ" ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ መስመር ካወጣችሁ ማውሱ ራሱ ይጣበቅበታል። ጠርዝ የሚያለሰልሰውን "አንቲአሊያሲንግ" የሚለውን ምልክት አጥፉ።

ይህ ቁራሽ 23 ዲግሪ ነው። ለባለ ስምንት የሚያስፈልገው 22.5 ነው (እያንዳንዱ ቅጠል ቁራሹና ግልባጩ ስለሆነ 360 ለ16 ይካፈላል)፤ ግማሽ ዲግሪዋ ሆን ተብሎ የተጨመረች መደራረቢያ ናት። ብዙ ሰው የሚማረርበት ፀጉር የመሰለ ነጭ መስመር የሚመጣው ይህች ስትቀር ነው፦ ሲዞር የቁራሹ ጠርዝ ግማሽ ግልጽ የሆኑ ፒክሴሎች ያወጣል፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ጠርዞች ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ ከሥር ያለው ነጭ በመካከላቸው ይታያል። ሲደራረቡ ግን ይሸፈናል።

ቁራሹን ኮፒ አድርጋችሁ "ፔስት አዝ" ውስጥ "ኒው ሌየር ኢን ፕሌስ" በሚለው አስቀምጡት፤ ተራው ፔስት ቦታውን ያሳጣዋል። ቀጥሎ "ሌየር ቱ ኢሜጅ ሳይዝ" በሉት። ይህችን ደረጃ መዝለል የብዙ ብልሽት ምንጭ ነው፤ ጂምፕ ሌየርን የሚገለብጠውና የሚያዞረው በራሱ በሌየሩ መሃል ስለሆነ ሌየሩ የቁራሹን ያህል ጠባብ ከሆነ ግልባጩ እዚያው በቦታው ይዞራል እንጂ ወደ ማዶ አይሻገርም።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ሌየሩን አባዙና ቅጂውን በአግድም ገልብጡ፤ ሁለቱን አዋህዱ። የተዋሐደውን አባዙና በ"ሮቴት" መሣሪያ 45 ዲግሪ አዙሩ፤ መሃሉ 1600 በ1600 መሆኑን አረጋግጡ፣ ኢንተርፖሌሽኑን (ፒክሴሎቹ ሲዞሩ የሚሰሉበትን ዘዴ) ኪዩቢክ አድርጉ። አዋህዱ፤ እንደገና "ሌየር ቱ ኢሜጅ ሳይዝ"። አሁን ሩብ ክብ ይዛችኋል። አባዝታችሁ 90 አዙሩ፣ አዋህዱ፤ አባዝታችሁ 180 አዙሩ፣ አዋህዱ። ለ90ና ለ180 መሣሪያውን ትታችሁ "ሌየር" ውስጥ "ትራንስፎርም" ሥር ያሉትን ትእዛዞች ተጠቀሙ። መገልበጥ፣ 90 እና 180 ፒክሴሎቹን ቦታ ብቻ ስለሚያቀያይሩ ጥራት አይቀንሱም፤ የሚያደበዝዘው 45 ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ሥዕሉ ሙሉ ሲሆን የደበዘዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስምንቱንም በየተራ በ45፣ በ90፣ በ135 እያዞሩ መደርደር ግን ስህተትን ያበዛል፤ ሌየሩም ይከማቻል።

የሚወጣው ቅርጽ እንደ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው። ክብ ከፈለጋችሁ 3200 በ3200 የሆነ ክብ ምረጡና ውጪውን ሰርዙ። እምብርቱ ላይ ቁራሾቹ ስለሚሾሉ ዝርዝር ይጠፋል፤ ከሌላ የፎቶው ክፍል የተሠራ ትንሽ ባለ ስምንት አበባ ቢደረብበት ያምራል። የማንዳላው ቀለበትም የሚወለደው እንዲህ ነው፦ የተለያየ ስፋት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ክቦች እየተደራረቡ።

ለዳሩ የነጠላ ጥበብ የሚያህል ነገር የለም። እዚህ ላይ "ፖላር ኮኦርዲኔትስ" የሚለው ፊልተር በጣም ያስደስታል፤ ቀጥ ያለውን ጥለት ቀለበት ያደርገዋል። ውጪኛው ጠርዝ ላይ አግድሙን 3 እጥፍ ገደማ ይለጥጠዋል፣ ቁመቱን በግማሽ ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ ጥለቱ አስቀድሞ ቀጭንና ረጅም መደረግ አለበት። 6400 በ6400 ገጽ ላይ እያንዳንዱ 100 ወርድና 628 ቁመት ያለው 64 ጥለት ከታች ደርድሩ፤ "ማፕ ፍሮም ቶፕ" ምልክት ተደርጎበት ይሁን፤ ሲጨርስ ወደ 3200 አሳንሱት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥለት ካልተያያዙ ቀለበቱ አናት ላይ ስንጥቅ ይታያል፤ አንዱን ጥለት ከግልባጩ ጋር እያፈራረቁ መደርደር ይህን ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጂምፕ 3.0 እትም ፊልተሩን ሌየሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ስለሚያቆየው በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ በቀድሞው 2.10 ከጨረሳችሁ ጨረሳችሁ ነው።

"ሲሜትሪ ፔይንቲንግ" ውስጥ ማንዳላ የሚል ምርጫ አለ፤ ነጥብና ቅጠል በብሩሽ ለመጨመር ይረዳል እንጂ ፎቶ አያባዛም።

የጂምፕ ትልቁ ጉድለት በየደቂቃው ራሱ ሴቭ አለማድረጉ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ማዋሃድ በፊት በአዲስ ስም አስቀምጡ። የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ጠባብ ከሆነ ምስሉን በ8 ቢት የቀለም ጥልቀት ያዙት፤ በ3200 አንድ ሌየር 40 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ በ32 ቢት ግን አራት እጥፍ።

ፎቶሾፕ ይህንኑ በፍጥነት ይሠራል፤ የመጨረሻውን መዞር በአንድ ቁልፍ ይደግመዋል። ነገር ግን ኪራዩ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ ክራክ የተደረገውን (ያለ ፈቃድ የተከፈተውን) ደግሞ ለማንም አንመክርም። ሌላው አማራጭ ፎቶፒ በብራውዘር ይሠራል፣ ስሌቱም እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው፤ የፎቶሾፕን ፋይል ለመክፈት ጥሩ ነው፤ ለረጅም ሥራ ግን ማስታወቂያው ያሰለቻል።

ለኅትመት 3200 ፒክሴል በ300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) 27 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ኤ3 ላይ በምቾት ይቀመጣል። ከሩቅ ለሚታይ ካንቫስ በ150 እስከ 54 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከሥር ነጭ ሌየር ጨምሩ፤ ክብ ሆኖ የሚቆረጥ ከሆነም ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሐምራዊና ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይጠወልጋል፤ የባለቀለም መስታወት ፎቶ ያለው ሰው መጀመሪያ በኤ4 አንድ ናሙና አሳትሞ ቢያይ ገንዘቡን ያድናል። ፍላሽ ላይ የሚሄደው ቅጂው ብቻ ይሁን፤ ዋናው ፋይል ከነሌየሩ ቤት ይቅር፤ ፍላሹም ተመልሶ ሲመጣ ሳይፈተሽ አይከፈት።