የስታምፕ ዲዩቲ ካልኩሌተር፦ ሒሳብ ላይ ጎበዝ፣ ምክር ላይ ዝም

ለንደን ውስጥ ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ቤት አሻሻጭ ጋ ከመደወላችሁ በፊት የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለውን የስታምፕ ዲዩቲ (ቤት ሲገዛ ለመንግሥት የሚከፈል ግብር) ካልኩሌተር ክፈቱ። ነጻ ነው። መመዝገብ የለ፣ ስም መስጠት የለ። እኔና ባለቤቴ ክሮይደን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ስንገዛ ስንት ማታ እንደነካካሁት እግዜር ይወቀው። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ጥሩ ጎኑ ግልጽነቱ ነው። ዋጋውንና ቀኑን ታስገባላችሁ፣ ጥቂት ጥያቄ ትመልሳላችሁ፣ ግብሩን በየእርከኑ ከፋፍሎ ያሳያችኋል። በተለይ ቀን እየቀያየሩ መሞከር ደስ ይላል፤ ወይም ያናድዳል። 390,000 ፓውንድ (የኛ አፓርታማ ዋጋ ነው)፣ የመጀመሪያ ቤት ገዢ፣ ማርች 31 ቀን 2025 ብላችሁ ስትሞሉ ግብሩ 0 ነው። ኤፕሪል 1 በሉት፣ 4,500 ፓውንድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ የመጀመሪያ ቤት ገዢ እስከ 425,000 ፓውንድ ድረስ ምንም አይከፍልም ነበር። ያ ጊዜያዊ ቅናሽ አበቃና ወለሉ ወደ 300,000 ተመለሰ። ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ላለው 5 በመቶ ይከፈላል። ቤቱ 500,000ን በአንዲት ፓውንድ ካለፈ ደግሞ ቅናሹ ጭራሽ የለም፤ እንደማንኛውም ገዢ ትከፍላላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ውል ስትለዋወጡ ሳይሆን ግዢው ተጠናቆ ቁልፍ ስትረከቡ ነው። ማርች ላይ ሰው ሁሉ ሶሊሲተሩን (የቤት ግዢውን የሚያስፈጽመውን ጠበቃ) ሲያጣድፍ የከረመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ሌላ ቤት አላችሁ?» አዎ ወይም አይ። እዚህ ጋ አበሻ ሁሉ ቆም ማለት አለበት፤ ሕጉ ዓለም ላይ የትም ያለን ቤት ይቆጥራልና። የመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚባለው አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር በስሙ ቤት ኖሮት የማያውቅ ነው። ከአባቱ የወረሰ ሰውም ቤት እንደነበረው ይቆጠራል።

እኔ በስሜ ጎጆም ኖሮኝ አያውቅም። ባለቤቴ ግን ከአገር ሳትወጣ በ20/80 የደረሳት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም አላት። በባልና ሚስት መካከል ደግሞ ሁለተኛ ቤት ላይ የሚጣለው የግብር ጭማሪ ሲታሰብ የአንዱ ቤት የሌላውም ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ሞላሁት። ሁለተኛ ቤት ነው ስለው 29,000 ፓውንድ አለኝ። ደነገጥኩ። ጭማሪው ከኦክቶበር 31 ቀን 2024 ጀምሮ ከ3 ወደ 5 በመቶ አድጓል፣ የሚሰላውም ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ ነው። ጭማሪ የሌለው ተራ ገዢ ስለው 9,500። የመጀመሪያ ቤት ገዢ ስለው 4,500።

ለአንድ ቤት ሦስት ዋጋ። የትኛው የኛ ነው? ካልኩሌተሩ ይህን አይፈታላችሁም፤ የነገራችሁትን ደምሮ ይመልሳል እንጂ። ኮከብ የቀነስኩበት እዚህ ላይ ነው።

መልሱን ያገኘነው ከሶሊሲተራችን ነው። ጭማሪው የሚመጣው ሌላው ቤት 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲያወጣ ነው። አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድም ስቱዲዮዋን አስገመተልን። ብር በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በፓውንድ ሲመነዘር ከዚያ በታች ሆኖ አረፈው። የብር መውረድ ጠቀመኝ የሚል ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ።

29,000ው ቀረ። ቀጥሎ የቤት ውስጥ ክርክር። በኔ ስም ብቻ ከገዛን 4,500፣ በሁለታችን ስም ከሆነ 9,500፤ ቅናሹን ለማግኘት ገዢዎቹ በሙሉ ቤት ኖሯቸው የማያውቁ መሆን አለባቸውና። ስክሪኑን አሳየኋት።

«እና በ5,000 ፓውንድ ከቤቴ ልታስወጣኝ ነው?»

«ኧረ ሒሳቡን እኮ ነው ያሳየሁሽ።»

«ሒሳቡ ገብቶኛል። ስሜን ጻፍ።»

በሁለታችን ስም ገዛን።

ዱባይ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ እንግሊዝ ውስጥ ለምትገዙ ካልኩሌተሩ ሌላም ጥያቄ አለው፦ ነዋሪ ናችሁ ወይ? ካልሆናችሁ 2 በመቶ ይጨመራል። ኤዲንብራና ካርዲፍ ያላችሁ ግን በዚህ ካልኩሌተር አትድከሙ፤ ስኮትላንድም ዌልስም የየራሳቸው ግብር አላቸው።

ገንዘቡን ከዲፖዚቱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ግብሩ ግዢው በተጠናቀቀ በ14 ቀን ውስጥ መከፈል ቢኖርበትም፣ የኛ ሶሊሲተር 9,500ውን ቁልፍ ሳንረከብ ነው አካውንቱ ውስጥ ማየት የፈለገው።