ስኖርክል ወይስ ስኩባ?

ሞቃታማ ደሴት ላይ ለሚያርፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ከባሕሩ ገጽ በታች ያለውን ዓለም እንዲያይ ነው። ስኖርክል፣ ማለትም ፊትን ወደ ውሃው ደፍቶ ላዩ ላይ መንሳፈፍ፣ የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ካለ ይበቃዋል። ኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ) የፀሐይ ብርሃን ስለሚፈልግ ደማቁ ውበት ያለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ ቀድሞ የሚጠፋውም ቀይ ቀለም ነው።

ስኩባ፣ ማለትም የአየር ጋን አዝሎ መጥለቅ፣ ግን ከዓሣዎቹ መካከል ያቆያል፤ ይህን ስሜት የሚተካ የለም! ሆኖም በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ከባቢ አየር (በባሕሩ ገጽ ላይ ባለው የአየር ግፊት ያህል) ስለሚጨምር ሥልጠና ግድ ነው። ለቀናት የጠለቀ ሰውም አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት።

ቆይታዎ 3 ወይም 4 ቀን ብቻ ከሆነ ስኖርክልን ይምረጡ። ጀርባዎን ግን በልብስ ይሸፍኑ፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ የፀሐዩ ቃጠሎ የሚታወቀው ማታ ነው።