በካናዳዋ ብራምፕተን ከተማ «50 ነጥብ» ለሚሸጡ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ገንዘባችሁን አታስረክቡ

ከምረቃ በኋላ የተሰጣችሁ የሥራ ፈቃድ ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ የኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ የቋሚ መኖሪያ አመልካቾችን በነጥብ የምታወዳድርበት ሥርዓት) ነጥባችሁ ትንሽ ጎድሎ እንቅልፍ ያሳጣችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም አማካሪ አንድ ዶላር እንዳትከፍሉ። ትናንት ከአንዱ ቢሮ ተዋርጄ ነው የወጣሁት። ንዴቴ ገና አልበረደምና አነጋገሬ ቢሻክርባችሁ ታገሱኝ።

ቢሮውን ታውቁታላችሁ። ይህኛውን ባታውቁት እንኳ መሰሉን ታውቃላችሁ፤ ከሳሞሳ መሸጫና ከገንዘብ ማስተላለፊያ መሃል የተሸጎጠ፣ መስኮቱ ላይ ቀይ የሜፕል ቅጠል የተለጠፈበት፣ ግድግዳው ቪዛቸውን ከፍ አድርገው በያዙ ልጆች ፎቶግራፍ የተሸፈነ። በሩ ላይ «የመጀመሪያው ምክር በነጻ» ይላል። ሁለተኛው ስንት እንደሆነ አይጽፉም።

የሄድኩት ከቤት ተጋሪዬ ጋር ነው። ከፑንጃብ የመጣ ልጅ ነው። አንድ ምድር ቤት እንኖራለን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እንሠራለን። ትምህርቱን የተማረው አባቱ የስንዴ መሬታቸውን አስይዘው ከባንክ በተበደሩት ገንዘብ ነው፤ ወለዱን አሁንም ከደመወዙ ቆርጦ ይልካል። እሱ በ2022 ሲመጣ የኑሮ ወጪ መሸፈኛ ተብሎ በካናዳ ባንክ አስቀድሞ የሚያዘው 10 ሺህ ዶላር ነበር። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 20,635 ሆነና ታናሽ እህቱ ፈተናዋን አልፋ እንኳ አገሯ ቀረች። የእኔ ቤተሰብ ደግሞ መሬት የለውም፤ የነበረውም ጥሪት ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወደ ዶላር ሲመነዘር ቁም ነገር አይሆንም። ሁለታችንም አገር ቤት ተመልሰን «አልተሳካም» የምንልበት አፍ የለንም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ይህንን ከፊታችን ላይ ያነቡታል።

በፌብሩዋሪ 2025 አጋማሽ ስንገባ ጸሐፊዋ ሻይ በወተት አቀረበችልን፤ ስኳር ልጨምር ወይ ብላም ጠየቀች። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረና ካናዳ ውስጥ የሥራ ልምድ ላላቸው አመልካቾች በወሩ መጀመሪያ የወጣውን የግብዣ ዙር አሳየን፤ መቁረጫው፣ ማለትም ለመጋበዝ የሚበቃው ዝቅተኛ ነጥብ፣ 521 ነበር። የእኔ ነጥብ 483። በወረቀት ላይ 50 ደመረበት፣ 533 ሲሆን ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረ። የቤት ተጋሪዬንም እንዲሁ ደመረለት። 50ው ነጥብ የሚመጣው በኤል.ኤም.አይ.ኤ ከተደገፈ የቅጥር ደብዳቤ ነበር። ለማታውቁት፣ ኤል.ኤም.አይ.ኤ ማለት አሠሪው ለቦታው ካናዳዊ ፈልጎ እንዳጣ መንግሥት መርምሮ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ሰውዬው የትራንስፖርት ድርጅት ያለው ወዳጅ አለኝ አለን። «የቅጥር አፈላላጊነት አገልግሎት ነው፣ ውል ትፈርማላችሁ፣ በማርች ነጥቡ ገጻችሁ ላይ ይታያል።»

ዋጋው ለእያንዳንዳችን 12 ሺህ ዶላር። በሰዓት 17 ዶላር ከ20 ሳንቲም ለምንሠራ ሰዎች ይህ ግብር ሳይቀነስ ወደ 700 ሰዓት የሚጠጋ ካርቶን ማንሳት ነው። የእኔ አብዛኛው የእቁብ ዕጣዬ ነበር፤ ቀጣይ ተራ የነበራት እህት አዝናልኝ ነው ዕጣዋን የለቀቀችልኝ። ደረሰኝ የሰጠን ለ800 ዶላር ብቻ ነው፣ «የሰነድ ዝግጅት» የሚል። የቀረውን ጥሬ ገንዘብ እየቆጠረ መሳቢያው ውስጥ ሲከት ስለ ልጁ የሆኪ ጨዋታ ያወራን ነበር።

ማርች 25 ነጥቡ ተሰረዘ። የእኛ ብቻ አይደለም፣ ለቅጥር ደብዳቤ ይሰጥ የነበረው ጭማሪ ከመላው ሥርዓት ወጣ። ስልክ ብንደውል አይነሳም፣ ስለዚህ ከሥራ ቀርተን ሄድን።

ያቺው ጸሐፊ ቀና ሳትል «ቀጠሮ አላችሁ?» አለችን። የለንም። ከፊቷ አንድ ወንበር ነበር፣ ቦርሳዋን አስቀምጣበታለች፤ አላነሳችውም። ቆመን ጠበቅን። አንድ ወጣት ጥንድ ከኋላችን መጥቶ ሻይ ቀረበለት፤ ስኳር ልጨምር ወይ ስትላቸው ሰማሁ።

ሰውዬው ሲወጣ ወደ ክፍሉ አላስገባንም። እዚያው መተላለፊያው ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ሕጉን የለወጠው መንግሥት ነው፤ እኔ መንግሥት አይደለሁም» አለ። ከዚያ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ከነበረ አቃፊ አንድ ወረቀት መዞ ሰጠኝ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ነው፤ ጭማሪው በ2025 ጸደይ እንደሚነሳ ይናገራል። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ኤል.ኤም.አይ.ኤ እየተሸጠ ማጭበርበሩ ስለበዛ። የእሱን ሥራ ለማስቆም የወጣ ሕግ ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ማመካኛ አድርጎ ያቀርብልኛል።

ወረቀቱ አዲስ አልነበረም። መሃሉ ላይ የመታጠፊያ መስመር አለው፣ ጥጉ ላይ የሻይ ጠብታ ደርቆበታል። እያነበብኩ ወደ ታች ስወርድ ከግርጌው በስተግራ፣ ማተሚያው ራሱ በሚያሰፍራት ደቃቅ ጽሑፍ፣ የታተመበትን ቀን አየሁ፦ ዲሴምበር 27 ቀን 2024። እኛ የከፈልነው በፌብሩዋሪ ነው። ያንን 533 ጽፎ ሁለት መስመር ሲያሰምርበት ይህ ወረቀት አቃፊው ውስጥ ነበር።

ጣቴን ቀኑ ላይ አሳረፍኩ። እሱም ጎንበስ ብሎ አየው። ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን ከጣቴ ሥር ሳብ አድርጎ በነበረው መስመር ላይ አጠፈውና «ማንበብ ትችላለህ አይደል? ማስታወቂያው የወጣው ለሁሉም ነው» አለኝ። ጸሐፊዋ ሳቀች። እሱስ የለመደበት ነው፤ የእሷ ሳቅ ግን እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ ስለው ድምፁን እንኳ አልቀነሰም። «ሂድ። የቅጥር ደብዳቤ በጥሬ ገንዘብ ልገዛ ነበር ብለህ ጻፍላቸው። 5 ዓመት ይከለክሉሃል፣ እኔን ግን እዚሁ ታገኘኛለህ።» ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ አመልካች 5 ዓመት እንደሚታገድ እውነት ነው። እኛ ለመንግሥት ምንም አላስገባንም፤ እሱ ግን የሚነግደው በዚህ ፍርሃት ነው። በ2023 የሐሰት የኮሌጅ መቀበያ ደብዳቤ የተሰጣቸው የፑንጃብ ልጆች በሚሲሳጋ ኤርፖርት ሮድ ላይ ቀንና ሌሊት ሰልፍ የተቀመጡት ለምን ነበር? ደብዳቤውን የሠራው ደላላ ሳይሆን ቋሚ መኖሪያ ሲያመለክቱ የተጋለጡት እነሱ ስለሆኑ፣ ከአገር የመባረር ትእዛዝም የመጣው ለእነሱ ስለሆነ ነው። ኋላ የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ እውነተኛ ተማሪዎቹ እንዳይባረሩ አስቆሙት፤ ደላላውም ተፈረደበት። ያ ሁሉ ሲሆን ግን ልጆቹ ስንት ወር በሰቀቀን አደሩ።

ውርደቱ በዚህ አላበቃም። «ሰነዱ ለአንድ አሠሪ ብቻ የሚያገለግል የሥራ ፈቃድ ለማውጣት ይጠቅማችኋል፤ 8 ሺህ ጨምሩ» አለን። ቀጥሎ በፑንጃብኛ ለቤት ተጋሪዬ የሆነ ነገር ተናገረው፤ ልጁ ፊቱ ቀላ። አውቶቡስ ውስጥ ስለምነው ነው የነገረኝ፦ ይህን ሰውዬ ይዘህ ባትመጣ ኖሮ ግማሹን እመልስልህ ነበር ነው ያለው። በእኔ ገንዘብ ከእኔ ሊያጣላው።

ከአስተያየት መስጫው በታች «ሕንዶች እንዲህ ናቸው» ልትሉ የተዘጋጃችሁ፣ ተዉ። አብሮኝ የተዘረፈው ማን ሆነና። የእኛም ሰው በሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ቁጭ ብሎ «ወንድሜ» እያለ ይህንኑ ይሸጣል፤ እንዲያውም የእኛው የሚያስፈርመው ውል እንኳ የለውም።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፦ የኤል.ኤም.አይ.ኤ ማመልከቻ 1,000 ዶላር ነው፣ የሚከፍለው አሠሪው ነው፣ ከሠራተኛው ማስመለስም በሕግ የተከለከለ ነው። ክፈሉ ያላችሁ ሁሉ ሌባ ነው። የአማካሪውን ስም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ (ትምህርት ቤት አይደለም፣ ለአማካሪዎች ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ አካል ነው) መዝገብ ላይ ፈልጉ፤ በነጻ ነው። እኛ ትናንት ማታ ስንፈልግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፈቃድ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ አገኘነው።

ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋግረን ለኮሌጁ ቅሬታ እናስገባለን። ብራምፕተን ውስጥ «የሰነድ ዝግጅት» የሚል የ800 ዶላር ደረሰኝ የተሰጣችሁ ካላችሁ ደረሰኙን እንዳትጥሉት፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እናስገባው።